ደብረ ዘይትን ያልጠበቀው ወፍ

ሐይቅ ይሉታል እንጂ ሐይቅ አይደለም። ወንዙን በግንብ አግደውት የተኛ ውሃ ነው። ሂልቶፕ ሰፈር ካለው ቤታችን በመኪና ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚህ የአሜሪካ ከተማ ሃያ ዓመት ስኖር ግን አንድ ቀን ወርጄ አይቼው አላውቅም ነበር። ግሮቭፖርት ሰፈር ዌርሃውስ፣ ማለት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ስደረድር እውላለሁ፣ ሺፍቱ ሲያልቅ እንቅልፍ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ አለቀ። ውሃ ዳር ቆሞ ወፍ የሚያይ ሰው ሥራ የፈታ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እኔም ሥራ ፈታሁና ቆምኩ።

ያ በሽታ የገባ ጊዜ ነው፤ በኛ 2012፣ በፈረንጆቹ 2020። ሆስፒታል የምትሠራው ልጃችን አንድ ቀን ወደ ቤት ሳትገባ በረንዳው ላይ ቆማ፣ በመስኮት በኩል፣ «አባዬ፣ ዕድሜህ ስልሳ ስምንት ነው፣ ስኳር አለብህ። ዌርሃውስ የሚባል ነገር በቃ» አለችኝ። ልከራከር አፌን ስከፍት «ኖ» አለችኝ። እናቷ ከኋላዬ ሆና «ደግ አደረግሽ» አለች። ሁለት ሴቶች ከተስማሙ በኋላ ወንድ ምን ይላል።

በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያናችን ተዘጋ። የደብረ ዘይት እሁድ፣ የጾሙ እኩሌታ ማለት ነው፣ ቅዳሴውን በስልክ አስቀደስን። ባለቤቴ ስልኩን ቴሌቪዥኑ ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ቄሱ ቃላቸውን ሳይጨርሱ መስመሩ ይቆረጣል፣ ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ይደርቃል፣ እሷ ግን ንቅንቅ የለም። እኔ አልቻልኩም። ስልክ ፊት ቆሞ እግዚኦ ማለት ከበደኝ። እንደምንም አስጨርሼ መኪናዬን አስነሣሁና ወጣሁ። የምሄድበት አልነበረኝም፤ መንገዱ ውሃው ዳር ሲያደርሰኝ አቆምኩ።

በረዶው ቀልጦ ዳር ዳሩ ጭቃ ሆኗል። ሣሩ ገና ገለባ ነው። ቆሜ ሳለሁ ከሰማይ ድንጋይ የወደቀ መሰለኝ። ውሃው ጧ! አለ። ከዚያ ከውሃው ውስጥ አንድ ወፍ ወጣ፤ ጀርባው ጥቁር ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ዓይኑ ላይ እንደ ኩል የተጎተተ ጥቁር መስመር አለው። ክንፉን እንደ እርጥብ ውሻ አራገፈ። በእግሩ ዓሣ ይዟል። ዓሣው እየተወራጨ፣ ወፉ በአየር ላይ እያለ አስተካከለውና ፊቱን ወደፊት አዞረው፤ እኛ ረጅም ጣውላ ስንሸከም ከንፋሱ ጋር እንደምናስተካክለው ማለት ነው። ይሄ ሠራተኛ ነው አልኩ በልቤ። ወስዶ ውሃው ዳር የቆመ አንድ የደረቀ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀመጠና መብላት ጀመረ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«በሁዳዴ ዓሣ?» አለችኝ። «ያውም በደብረ ዘይት? የጾሙ እኩሌታ ላይ?»

«ወፍ ነዋ።»

«አንተም ጾም ገዳፊ ቁመህ ስታይ ዋልክ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ጾም ገዳፊው ሆነ። እኔ ግን በልቤ ዓሣ አጥማጁ ነው የምለው።

በማግስቱ ሄድኩ፣ በሠልስቱም ሄድኩ። ጸደዩን ሙሉ ሄድኩ። ወፍ ሁሉ አንድ ይመስለኝ የነበረው ሰውዬ ቀስ በቀስ እየለየሁ መጣሁ። ስማቸውን ስለማላውቅ እኔው አወጣሁላቸው። ቄጤማው ውስጥ የሚቀመጥ ጥቁር ወፍ አለ፤ ትከሻው ላይ ቀይ ማዕረግ ለጥፏል፣ በቀረብከው ቁጥር ደረቱን ነፍቶ ይጮህብሃል። እሱን አምሳ አለቃ አልኩት፤ ወታደር ቤት ሳለሁ እንደዚያው የሚጮኹብኝ አንድ ነበሩ። ግንቦት ሲገባ ደግሞ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ቢጫ ወፎች ቁጥቋጦውን ይሞሉታል፤ ሁለት ሦስት ቀን አርፈው ይጠፋሉ። ከደቡብ አሜሪካ ድረስ በርረው እንደሚመጡ ኋላ ነው የሰማሁት። ያንን መንገድ ዌርሃውስ አብሮኝ የሠራ አንድ የአገሬ ልጅ በእግሩ መጥቶበታል፤ ከብራዚል ተነሥቶ ጫካ ለጫካ። የእግሩን ጥፍር አውልቆ እንደጨረሰ ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር። አሁን አንዷን ቢጫ ወፍ ባየሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

ዓሣ አጥማጁ ብቻውን አልቀረም። ሚስቱ መጣች። በደረቁ ዛፍ ጫፍ ላይ እንጨት በእንጨት እየደራረቡ ትልቅ ጎጆ ሠሩ። ሐምሌ ላይ ሁለት ልጆች አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ያን ዓመት እኛ ለቅሶ በስልክ ነው የደረስነው። በስደት አብረውን ሱዳን የነበሩ ወዳጆቻችን ቀብር ላይ አልቆምንም። ከቀን ወደ ቀን የሚጎድል እንጂ የሚጨምር ነገር አልነበረም። እየሄድኩ የማየው አንድ የሚጨምር ነገር ያ ጎጆ ነበር። ለዚህ ነው በኋላ የሆነው ነገር የከበደኝ፤ ሌላ ሰው ወፍ ነው ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም።

ልጆቹ አድገው መስከረም ላይ ሁሉም ሄዱ። በታኅሣሥ ደግሞ ኃይለኛ ንፋስ መጣና ጎጆውን ይዞት ወረደ። ዛፉ ራቁቱን ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ የ2013 ሁዳዴ በገባ ሳምንት፣ ስሄድ ግንዱ ላይ ብርቱካንማ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። አጠገቡ ሌሎች ሦስት ዛፎችም ተቀብተዋል። ምን ለማለት እንደሆነ አላወቅኩም። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች አሜሪካዊት ሴትዮ፣ አንገቷ ላይ መነጽረ ሩቅ አንጠልጥላ፣ እሷም ቀለሙን ታያለች። ዕድሜዋ ከኔ ብዙ አይርቅም። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ከበሽታው በፊት በየዓመቱ ጸደይ እዚህ እየመጣች ወፍ ትቆጥር ነበር። አምና ግን ባሏ ታሞባት ከቤት አልወጣችም።

የኔ እንግሊዝኛ የዌርሃውስ እንግሊዝኛ ነው፤ አንሣ፣ አስቀምጥ፣ ተጠንቀቅ፣ ዕረፍት። እንዲያም ሆኖ ተግባባን። ሊቆርጡት ነው አለችኝ። ደረቅ ነው፣ ወደ እግረኛ መንገዱ አጋድሏል፣ ሰው ላይ ይወድቃል ብለው ነው።

«ወፍ አለ እዚህ» አልኳት፣ ወደ ላይ እያሳየሁ። «አምና። ሁለት ልጆች።»

ሴትዮዋ ያዘችኝ። ዓይኗ በራ። አየኸው? መቼ መጣ? አለችኝ። ወፉ ጎጆ መሥራት ከጀመረ በኋላ ዛፉ በሕግ አይነካም አለችኝ። ይሄ ዘር አንዳንዱ ማርች ላይ ይመጣል፣ አንዳንዱ ኤፕሪል ላይ። የዚህኛውን ዛፍ ወፍ ቀን የሚያውቅ ያየው ሰው ብቻ ነው። አምና ደግሞ ከኔ በቀር ያየው የለም። ለፓርኩ ቢሮ እጽፍላቸዋለሁ፣ ሊመጣ ከተቃረበ ይተዉታል፣ ቀኑን ንገረኝ አለች።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስንት ሣጥን ጫንክ ከሚል በቀር በዚህ አገር የምታውቀውን ንገረን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቀኑንም በደንብ አውቀዋለሁ። ቀን የምቆጥረው በበዓል ነው፤ አሜሪካ መቼ ገባህ ብትሉኝ የኅዳር ጽዮን ሰሞን ነው የምላችሁ። ወፉ የመጣው በደብረ ዘይት እሁድ ነው። ይሄን ለሴትዮዋ እንዴት ልንገራት? ልጄ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ አይ አም አት ወርክ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አንድ ደቂቃ። ደብረ ዘይት በፈረንጅ መቼ ነው?»

ስልኳ ላይ ፈልጋ «ኤፕሪል ፎር። ሰንደይ። በቃ?» አለችኝ።

«ለዚች ሴትዮ ንገሪልኝ፤ ወፉ በዚያ ቀን ነው የሚመጣው በያት።»

«ዋት በርድ? የምን ወፍ?» አለች ልጄ። ግን ነገረችልኝ። ሴትዮዋ በትንሽ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ የራሷንም ስልክ ቁጥር ለልጄ ሰጠቻት። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ አዋቂ ሰው፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ስንገናኝ ፊቷ ልክ አልነበረም። ቢሮው መልስ ሰጥቷል። ወፉ የሚመጣው ኤፕሪል ከሆነ ከዚያ በፊት እንቆርጠዋለን፤ ሳይቀመጥበት ከቆረጥነው ሌላ ዛፍ ይፈልጋል፣ ማንንም አንጎዳም ብለዋል። የቆረጣው ቀን መጋቢት አሥራ አምስት፣ ረቡዕ። የኔ ቃል ዛፉን ያድነዋል ብዬ ነበር፤ መቁረጫ ቀን ሆነለት። ሴትዮዋ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ እውነቱን ነው የተናገርከው» አለችኝ። እኔም እውነቱን የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

እሁድ መጋቢት ሚካኤል ነበር። ቤተ ክርስቲያን በከፊል ተከፍቶ፣ አፋችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን አስቀድሰን ተመለስን። ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እኔ ቁጭ ብያለሁ። በወሬ መሐል እንዲህ አለች፦

«ዘንድሮ ጾሙ ገና ልጅ ነው። አምና በመጋቢት ሚካኤል እኩሌታውን ጨርሰን ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ጾሙ ዘገየ ነው ያልኩት። ምን ያስደነግጥሃል?»

«አምና ሚካኤልና ደብረ ዘይት ተከታትለው ነው የዋሉት?»

«ቅዳሜ ሚካኤል፣ እሁድ ደብረ ዘይት። ሁለቱንም ቀን ስልክ ፊት ያቆምኩህ እኔ አይደለሁም? አንተማ እሁድ ዕለት ሹልክ ብለህ ወፍህ ጋ ሄድክ።»

ተነሥቼ ቆምኩ። ፋሲካ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፣ ጾሙም አብሮት ይሄዳል፣ ደብረ ዘይትም ከጾሙ ጋር። ሚካኤል ግን ከአሥራ ሁለት ቀን ንቅንቅ አይልም። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ወፉን ከበዓሉ ጋር አስሬ አስቀምጬው ነበር። ወፍ በፀሐይ ነው የሚሄደው እንጂ በባሕረ ሐሳብ አይደለም። አምና የመጣው በሚካኤል ማግስት ነው፤ ያ ማለት ነገ። ዛፉ ደግሞ ረቡዕ ይቆረጣል። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።

«መሃይሙ!» አልኩ ራሴን።

«ማንን ነው?» አለች ባለቤቴ ቢላዋዋን እንደያዘች።

ልጄ ደወልኩላት። በዚህ ጊዜ አይ አም አት ወርክ አላለችም፤ ድምፄ አስደንግጧት ነው። ነገርኳት። «አባዬ፣ ስለ ወፍ ነው? ስኳርህ ወርዶ ነው ብዬ ልሞት ነበር!» አለችኝ። ከተቆጣች በኋላ ግን ለሴትዮዋ ደወለችላት፤ ሦስታችንንም በአንድ መስመር አገናኘችን።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት ለሴትዮዋ። «የተናገርኩት በዓሉን ነው፤ በዓሉ ይሄዳል፣ ወፉ አይሄድም።»

ልጄ ስታስረዳት ሴትዮዋ ሳቀች። «የእኛም ፋሲካ ይንቀሳቀሳል እኮ» አለች። «አስተማሪ ሆኜ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ።» ሰኞ ጠዋት ለቢሮው ደወለች። ሠራተኞቹ ተመድበዋል፣ ቀኑ አይለወጥም፤ ረቡዕ ወፉ ዛፉ ላይ ካለ ግን ይተዉታል፣ ከሌለ ይቆርጡታል አሏት።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ፣ አልመጣም። ማክሰኞ ዝናብ ነበር፤ መኪና ውስጥ ሆኜ መስታወቱን እየጠረግሁ ዋልኩ። ዝይ ብቻ ነው ያየሁት። ሃያ የሚሆኑት ተሰልፈው አስፋልቱን ሲያቋርጡ መኪናው ሁሉ ቆሞላቸዋል፤ አንዷ መሐል ላይ ደርሳ ሐሳቧን ቀየረችና ተመለሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ረቡዕ ባለቤቴ «እኔም እመጣለሁ» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ እህል ያስጠላህን ፍጡር ልየው።» ጋቢዬን ደርባ መኪናው ውስጥ ቁጭ አለች። ሴትዮዋ ቀድማን መጥታለች። ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው በእጅ ሰላም ተባባሉ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ሠራተኞቹ መጡ፤ ሦስት ሰዎች፣ ሰው ወደ ላይ የሚያነሣ መኪና ይዘው። አለቃቸው ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ግዙፍ ሰውዬ ነው። ሴትዮዋ ሄዳ አስረዳችው። እሱ ዛፉን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ።

«ታዲያ ወፉ የታለ?» አለኝ።

«መንገድ ላይ ነው» አልኩት።

ሁለቱ ወጣት ሠራተኞች ሳቁ። «ኮል አድርጎልህ ነው?» አለኝ አንዱ።

«እሱ ስልክ አይዝም» አልኩት። አሁን አለቃውም ፈገግ አለ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰብስቤ እንዲህ አልኩት፦ እኔም እንዳንተ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ትእዛዝ ትእዛዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አራት ዛፍ አለህ። ይሄኛውን መጨረሻ አድርገው።

ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «መጨረሻ አደርገዋለሁ» አለኝ። «ከዚያ በላይ አትለምነኝ።»

የሞተር መጋዙ ሲነሣ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ወፉ ቢመጣስ ይሄን ጩኸት ሰምቶ አይሸሽም? የመጀመሪያው ዛፍ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ወጡ፤ አለቃው ከሳንድዊቹ ቆርሶ ሰጠኝ። «ጾም ነኝ» አልኩት፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። «እስከ ስንት ሰዓት?» አለኝ። በኛ ዘጠኝ፣ በነሱ ሦስት ሰዓት ነው አልኩት። «እኔም በሦስት ሰዓት ነው ሥራ የማቆመው» አለ።

ከምሳ በኋላ ሦስተኛው ወደቀ። ግንዱን ቆራርጠው ለመጫን ጊዜ ወሰዱ፤ ልብ ብዬ ሳያቸው ከሚያስፈልገው በላይ ቀስ ይላሉ። በመጨረሻ ማንሻ መኪናቸውን አንቀሳቅሰው ደረቁ ዛፍ ሥር አቆሟት። አለቃው ቆቡን አደረገ። ወደ እኔ አላየም። ሴትዮዋ መነጽሯን ከዓይኗ አወረደችና መሬት መሬት አየች።

ከኋላዬ የመኪናዬ በር ተከፈተ። ባለቤቴ በእንግሊዝኛ ይሁን ባማርኛ ሳትጨነቅ ጮኸች፦

«አንተ ሰውዬ! ያ ማነው? ያ ጾም ገዳፊህ አይደለም?»

ከደቡብ በኩል፣ ከውሃው በላይ፣ ክንፉን በክርኑ ላይ እንዳጠፈ ሆኖ ይመጣል። እሱ ነው። ሁላችንም ዞርን። ዛፉን አንድ ጊዜ ዞረው። መኪናዋን አየና ሸሸት አለ። አለቃው ቀስ ብሎ እጁን ሰደደና የመኪናዋን ሞተር አጠፋ። ከዚያ ወፉ ተመለሰ፣ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ የዛፉ ጫፍ ላይ አረፈ።

ሴትዮዋ ፎቶ አነሣች። አለቃው ለቢሮው ደወለ። «አዎ፣ ተቀምጧል። አዎ፣ እያየሁት ነው» ሲል እሰማዋለሁ። በዚያኛው በኩል ያለው ሰው ብዙ የሚናገር ይመስለኛል፤ እሱ ግን «አሁን ደግሞ መቀመጡ ብቻ አይበቃም ይላሉ፣ ጎጆ መሥራት አለበት» አለን፣ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ።

ወፉ ተነሥቶ ሄደ። በውሃው ዳር ሁሉም ቆመናል፤ ሁለቱ ወጣቶችም ጓንታቸውን አውልቀው። ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። አሁን ከቆረጡት ዛፍ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ተበትኖ ቀርቷል። ወፉ ዝቅ ብሎ አንዱን እንጨት በጥፍሩ አነሣ፤ ከራሱ ርዝመት የሚበልጥ ነው። ይዞት ወጣ፣ ጫፉ ላይ ሊያስቀምጠው ሞከረ፣ እንጨቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለተኛ አመጣ። ያም ወደቀ፣ ከአለቃው እግር ሥር።

ግዙፉ ሰውዬ ስልኩን እንደያዘ ጎንበስ አለና እንጨቱን ከመንገዱ ላይ አንሥቶ ሣሩ ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር፣ አስቀመጠው።

ሦስተኛው እንጨት ጫፉ ላይ ያዘ።